ሽቦው ያልቆጠረው ለቅሶ

በ2071 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ፣ አፋፍ ሰፈር የሚኖር ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ መጀመሪያ ሽቦ ይጠርጋል፤ ፊቱን የሚታጠበው ከዚያ በኋላ ነው። ሽቦው ልባስ የለውም። ውፍረቱም ከጃንጥላ አጥንት አይበልጥም። ከንባብ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ወጥቶ፣ በሰው ትከሻ ልክ በቆሙ አጫጭር ብረቶች ላይ ተወጥሮ፣ መንገድ መንገዱን እስከ ሰፈሩ ጫፍ ይዘልቃል። ዝናብ እንዳይነካው ከላዩ የፕላስቲክ ከፈፍ ተደፍቶበታል። ጉም የሚከልል ከፈፍ ግን እስካሁን የሠራ ሰው የለም፤ ደሴ ደግሞ ጉሟን ለማንም ብላ አትተውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ደጁ ላይ ያለው አርባ ሜትር ተሰጥቶታል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት፣ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳይጫኑ፣ አንዴ ብቻ ይጠረጋል።

በሽቦው ላይ ልብስ አይሰጣም። የሚፈላ ድስት በክንድ ርቀት አይጠጋውም። ሕፃናት በሦስት ዓመታቸው "አትንካ"ን፣ በስድስት ዓመታቸው "ጥረግ"ን ይማራሉ። የታመመ ሰው ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱ ደርቦ ይጠርግለታል። ጽሕፈት ቤቱ በየወሩ በሚያወጣው ዘገባ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "ሽቦው ተጠርጓል" የሚል ነው። ማን እንደጠረገው አይጻፍም።

በሽቦው ላይ የሚሄደውን ነገር የቢሮ ሰዎች ቴራኸርዝ ጨረር ይሉታል፤ ሰፈርተኛው ጨረሩ ይለዋል፣ በቃ። ሽቦው ቀጥ ካለ ጨረሩ የሽቦውን ገላ ይዞ እየተንሸራተተ የማንንም ጓዳ ሳያይ ያልፋል። ሽቦው የታጠፈ እንደሆነ ግን አብሮ መታጠፍ ያቅተዋል፤ ከፊሉ ሽቦውን ለቆ፣ ሲመጣ በነበረበት አቅጣጫ ወደ ፊት ይፈሳል። ድሮ መሐንዲሶቹ ይህን እንደ ብክነት ቆጥረው ያዝኑበት ነበር። ኋላ አንድ ሰው፣ ስሙ ዛሬ አይታወቅም፣ የፈሰሰው ጨረር ምን ላይ እንደሚያርፍ ጠየቀ። ጨርቅና ሸራ፣ ካርቶንና ኮምፔንሳቶ ያልፋል። ሰው ላይ ሲደርስ ይመለሳል፤ ተመልሶም ስንት ሰው፣ ማን ማን፣ በጉያው ምን ይዞ እንደተቀመጠ ለጽሕፈት ቤቱ ይናገራል፤ ንባብ የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ማጠፍ ሥራ ሆነ። ሽቦውን ወደተፈለገው በር አቅንቶ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ድንገት መመለስ ነው። ቧንቧ ሠራተኞች የቧንቧ መታጠፊያ በሚሉት ስም ሰፈርተኛው ይህንንም ጎሚቶ ይለዋል። ደጁ ላይ ጎሚቶ የተሠራበት ሰው ድምፁን አይቀንስም፤ ጨረሩ አይሰማምና። የሚቀንስበት እንግዳ ነው።

የአፋፍ ሰፈር ሽቦ ሠራተኛ ሐሴት ትባላለች። ዕድሜዋ ስልሳ ሁለት፣ በሥራው ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት። አንድ ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን ወደ ሽቦው ስታስጠጋ፣ መሣሪያ የማያገኘውን ጥመት ታገኘዋለች፤ ከዚያ በእንጨት መዶሻዋ ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ መታ መታ ታደርገዋለች። በሳምንት ስድስት ቀን ታቀናለች። አልፎ አልፎ ወረቀት ይመጣና ታጥፋለች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ መቶ አርባ ሦስት ጎሚቶ ሠርታለች፤ አንዱም አልተበላሸባትም። ክፉ ሰው አልነበረችም። ሥራዋን የምትወድ ሰው ነበረች፤ አንዳንድ ጊዜ ይኼ ከክፋት የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ባሏ ኪሩቤል የእድሩ ድንኳን ጠባቂ ነበር። ድንኳኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከተተከለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከስምንት ሰው በላይ ያለ ፈቃድ አንድ ቦታ እንዳይቀመጥ ሲታዘዝ ለቅሶም አብሮ ታዘዘ። ከስምንት ሰው የሚበልጥ ለቅሶ የሚቀመጠው በሐዘን አዳራሽ ነው፣ ለሁለት ሰዓት፣ በተራ ቁጥር። ከስምንት በላይ ሆኖ የተነበበ ሰው የመንገድ ካርዱን ለአንድ ዓመት ይነጠቃል፤ ካርድ የሌለው ከሰፈሩ በአውቶቡስ መውጣት አይችልም። ኪሩቤል ግን በየመስከረሙ ድንኳኑን አውጥቶ፣ ፀሐይ አስመትቶ፣ የተቀደደውን ይጥፍ ነበር። የሚጥፍበትን ጨርቅ ከየቤቱ ይለምናል።

"ጋሽ ኪሩቤል፣ ለማን ነው የምታዘጋጀው?" ይሉታል እየሳቁ።

"የሚሞት አይጠፋም" ይላል መርፌውን ሳይነቅል።

ለሚስቱ ደግሞ በግልጽ ነግሯታል። "እኔን በተራ ቁጥር እንዳታስለቅሺኝ። በደጄ፣ በድንኳኔ፣ እስከ ሠልስት።" እሺ ብላዋለች፤ ሚስት ለጤነኛ ባሏ እሺ እንደምትለው።

ሐምሌ ውስጥ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ጎንበስ እንዳለ ሞተ።

ረቡዕ ተቀበረ። ከቀብር መልስ አራት የእድር ሽማግሌዎች ድንኳኑን አውጥተው ስልሳ አራት ቁጥር ብረት ፊት ለፊት፣ የሐሴት ደጅ ላይ ተከሉት። እጃቸው ረስቶት ስለነበር ሁለቴ ወደቀባቸው። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ሐሴት ገብታ መደቡ ላይ ስትቀመጥ አቤኔዘር መጣ። አቤኔዘር የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሲያወራ ሰው የማያይ። አንድ ወረቀት ዝናብ እንዳይመታበት ኮቱ ስር ይዟል።

"ነፍስ ይማር፣ እትዬ።"

"ይማር።"

"ድንኳን ሊተከል ነው ሲሉ ሰምቼ ነው።"

"ተተክሏል። ገብተህበት ቆመህ የለ?"

"እትዬ ሐሴት፣ ሕጉን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ስምንት ሰው።" ወረቀቱን አወጣ። "ስልሳ አራት ቁጥር ላይ ጎሚቶ እንዲሠራ ታዟል።"

"እዚህ? እኔ ደጅ?"

"ለጊዜው ነው እኮ። ሠልስቱ ሲያልፍ ራስዎ ያቀኑታል።"

"የሚያጥፈውስ ማነው?"

አቤኔዘር ጫማውን አየ። በክፍሉ ያለችው ሽቦ ሠራተኛ እሷ ብቻ ነበረች። ሐሴት ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

"አንተ ልጅ፣ ሐዘንተኛ መሣሪያ አይነካም። ይኼን እናትህ አልነገረችህም?"

"ሕግ ነው እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ?"

"ይኼም ሕግ ነው። ያንተ ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የኔን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም።"

አቤኔዘር ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ስር መለሰ። ከኮምቦልቻ ሌላ ሠራተኛ እንደሚመጣ ነግሯት ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት የኮምቦልቻው ሰው መጣ። መዶሻ አልያዘም፤ በፒንሳ ነበር የሚሠራው። ሽቦውን ወደ ድንኳኑ አፍ ጎትቶ ቆለመመው። ሐሴት ከመደቡ ሆና ስታየው ከሐዘኗ ላይ የሙያ ንዴት ተጨመረባት። ሽቦውን አቁስሎታል። ያም ሆኖ ጎሚቶ ጎሚቶ ነው፣ ያያል።

ድንኳኑ ውስጥ አራቱ ሽማግሌዎች፣ የኪሩቤል እህትና ሐሴት ተቀምጠዋል። አግዳሚዎቹ ለስልሳ ሰው ነበር የተደረደሩት። ሰፈርተኛው በታችኛው መንገድ ዞሮ ያልፋል፤ ከሩቅ ቆሞ ጎንበስ ይልና ይሄዳል። አንዲት ሴት እዚያው ጥግ ላይ ቆማ ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ ሐሴት አየቻት። ስምንት ሰው እንኳን አልሞላም። ማንም ስምንተኛው ይሁን ዘጠነኛው ሳያውቅ መግባት አልደፈረም። ኪሩቤል እንዲህ እንዲሆንበት ነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጥፍ የከረመው?

ረፋዱ ላይ ራህመት ገባች። ቤቷ አንድ ቁጥር ብረት አጠገብ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቤት ነው፤ ቁልቁለቱን ብቻዋን በምርኩዝ ወርዳ ነበር። ከሐሴት ጎን ተቀመጠች።

"አብሽሪ፣ ሐሴት።"

ዝናቡ ሸራውን ይመታል።

"የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የልጄ የአንዋር ለቅሶ ጊዜ" አለች ራህመት፣ "ስንት ሰው እንደመጣ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ስድስት። ስምንት ተፈቅዶልኝ ስድስት። የቀረው ሽቦሽን ፈርቶ ቀረ።"

ሽቦሽ። ሐሴት ቃሉን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ልትሸፍን እጇን አነሳችና ተወችው።

"እኔ ነኝ ያጠፍኩት" አለች። "ወረቀቱ ላይ የማን ቤት እንደሆነ አንብቤያለሁ። አንብቤ ነው ያጠፍኩት። ይቅር በይኝ፣ ራህመት።"

"እሱን አላህ ያውቃል። እኔ ገና ነኝ።" ራህመት ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። "ከስድስቱ አንዱ ባልሽ ነበር። ሦስቱንም ቀን ተቀመጠ። ዛሬ የመጣሁት ለሱ ነው።"

ሐሴት ይህን አታውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት ኪሩቤል የት ይውል እንደነበር ስትጠይቀው እድር ቤት ብሏት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሳትም። አምቃ ይዛው የነበረው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ፤ ጮኻ አለቀሰች፤ ሽማግሌዎቹም አልከለከሏትም።

አልቅሳ ስታበቃ ተነሳች። ሐዘንተኛ እስከ ሠልስት ከድንኳኑ አይወጣም፤ የኪሩቤል እህት እጇን ያዘቻት። ሐሴት ግን ሽቦ ሠራተኞች ብቻ የሚያውቁትን፣ ከቢሮ ውጭ እንዳይነገር የተከለከለውን አንድ ነገር ታውቃለች። ጨረሩ ውኃ አያልፍም። ሽቦው ላይ አንድ ስንዝር እርጥብ ጨርቅ ቢያርፍ ከዚያ ቁልቁል ያለው ሰፈር ሁሉ በቢሮ ላሉት ይጨልምባቸዋል። የሚያዩት እስከ መጀመሪያው እርጥብ ድረስ ነው፤ የሚቀጡትም የመጀመሪያውን ሰው ነው። ይህንኑ ድንኳኑ ውስጥ ላሉት ተናግራ፣ እጇን አስለቅቃ ወጣች።

ዳገቱን በዝናብ ወጣች። ስልሳ አራት ብረት፣ እያንዳንዱን በስሙ ታውቀዋለች። በየመስኮቱ ሰው ያያታል። ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ጋ ደረሰች። ከግድግዳው እስከ አንድ ቁጥር ያለው ሽቦ የማንም ቤት ድርሻ አይደለም፤ በየጠዋቱ የምትጠርገው ራሷ ሐሴት ናት። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችው፣ የመንገዱ ጎርፍ ውስጥ ነከረችው፣ ሳትጨምቅ በከፈፉ ስር አሳልፋ ሽቦው ላይ ሰቀለችው። ውኃው ጠብ ጠብ ይል ጀመር። መስኮቱ ላይ ጸሐፊዎቹ ተሰብስበው ነበር።

"የሐሴት ነው!" አለቻቸው ጮክ ብላ። "ስሜን በደንብ ጻፉት!"

ራሷን ገልጣ፣ ሽበቷን ዝናብ እየመታው ተመለሰች። ሐዘንተኛ ሴት በአደባባይ ነጠላ ሳትለብስ ስትሄድ አፋፍ ሰፈር ዓይቶ አያውቅም። አንድ ቁጥር ላይ፣ ከድንኳኑ ተከትላት የወጣችው ራህመት እያለከለከች ደርሳባት ነበር። የራሷን ሻሽ ፈትታ የደጇ ቦይ ውስጥ ነከረች።

"ተይ ራህመት፣ ካርድሽን ይወስዱታል! ልጅሽ ኮምቦልቻ ናት፣ በምን ትሄጃለሽ?"

"እሷ ትምጣ። እግር አላት።" ሻሹን ሽቦው ላይ ጣለችው። "ያንቺን ሲያወርዱ የኔን ያገኙታል።"

ሁለት ቁጥር ላይ አንድ ጎልማሳ ፎጣ ይዞ ወጣ። ማንም አልጠራውም። ሐሴትን ሳያይ ፎጣውን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ሰቀለና፣ ኮፍያውን አድርጎ ወደ ድንኳኑ ቁልቁል ሄደ። ሦስት ቁጥር ጋቢ ሰቀለ። አራት ቁጥር የኳስ ማሊያ። አምስት ቁጥር ላይ ባልና ሚስት አልጋ ልብስ ግራና ቀኝ ይዘው እየተጨቃጨቁ ነበር፤ ሚስትየዋ አዲሱን መስቀል አልፈለገችም። ሐሴት ከእነሱ ጋር ቆማ እንዳይሰቅሉ ልትለምናቸው ሞከረች፤ አልሰሟትም፤ እያለቀሰች ወረደች። ስልሳ ሦስት ቁጥር ስትደርስ የሕፃን ብርድ ልብስ ተሰቅሎ ነበር፣ ዳክዬ የተሳለበት።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አቤኔዘር ደረቅ ጨርቅ ይዞ ከጽሕፈት ቤቱ ወጣ። የሐሴትን ነጠላ አወረደ። ሽቦውን ጠረገ። ጠርጎ እንደማያውቅ ያስታውቃል፤ ይጫነው ነበር። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ለሚያነቡት ደወለ።

"አሁንስ?"

"እስከ አንድ ቁጥር ይታያል" አሉት።

የራህመትን ሻሽ አወረደ፣ ጠረገ፣ ደወለ። እስከ ሁለት ቁጥር ይታያል። ለአንዱ ቤት ሩብ ሰዓት ፈጀበት። በየደጁ የባለቤቱን ስም መዝግብ ተብሏል፤ መዘገበ። አሥረኛው ስም ላይ ሲደርስ፣ ይህን ሁሉ ሰው ካርድ ነጥቀው ቢያስቀይሙ ነገ ጠዋት ማን እንደሚጠርግ ለማሰብ ጊዜ አገኘ። እስኪመሽ ሃያ ስምንት ቤት ጨረሰ።

ዓርብ ጠዋት በአፋፍ ሰፈር ሽቦ የጠረገ ሰው አልነበረም። ሁሉም ለቅሶ ቤት ነበር፤ ለቅሶ ቤት ያለ ሰው ደግሞ ሥራ አይሠራም። ሌሊቱን ጉም ስለተኛበት አቤኔዘር ሐሙስ ያጠራው ሃያ ስምንት ቤት እንደገና ረጥቦ ነበር። ስልክ ከሚያነሣው በቀር የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ እንዲወጡ ታዘዘ። ፀጉራቸውን የተሠሩ፣ ከረባት ያሰሩ ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው ጨርቅ ይዘው ተሰለፉ። አንዷ ከታች ወደ ላይ ትጠርግ ነበር፤ አንዱ መሐረቡን አውጥቶ ነበር የሚጠርገው። አሥራ አንድ ነበሩ። ፈቃድ አልያዙም።

ድንኳኑ ሞልቶ አግዳሚ አልበቃ ብሎ ሰው ድንጋይ አስጠግቶ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው ሸራውን ሲያዩ ቆዩና፣ "ይቺ የኔ ኮት ናት" አሉ፣ ከምሰሶው አጠገብ ያለችውን ቡናማ ጥፍ እያሳዩ። ከዚያ ሁሉም አንገቱን አቅንቶ የራሱን መፈለግ ጀመረ። የልጄ ዩኒፎርም። የናቴ ቀሚስ። ራህመት በሩ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ባለ መስመር ጨርቅ በምርኩዟ ነካች። የአንዋር ሸሚዝ ነበር። ለማን እንደሰጠችው ረስታ ኖሯል። ሐሴት ከጎኗ ነበረች፤ እጇን ስትዘረጋ ራህመት ያዘቻት።

ኪሩቤልን አሙት፤ ክፉኛ አሙት። ሚስማር ሲመታ ምላሱን እንደሚያወጣ፣ ዘፈን እንደማይችል፣ ዱቤ ጠይቆ እንደሚያፍር። ሳቁበት፣ አለቀሱለት። ሐሴት በዚያ ሰዓት ልቧ ሙሉ ነበር። ካርዷም ሥራዋም ትዝ አላላትም፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢያደርጓት ይህን ቀን መልሰው ሊወስዱት አይችሉም።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጸሐፊዎቹ ደክሟቸው ሲመለሱ፣ አቤኔዘር ብቻውን ስልሳ አራት ቁጥር ደረሰ። ያወረዳቸውን ጨርቆች መሬት ላይ መጣል ስላልሆነለት የዕለቱን ሁሉ ተሸክሞታል፤ ክምሩ አገጩ ድረስ ደርሷል፣ ከላይ ዳክዬ ያለበት ብርድ ልብስ አለ። ኮቱ፣ ሸሚዙ፣ ጫማው ሁሉ ውኃ ነው። የመጨረሻውን አርባ ሜትር በክርኑ ጠረገና ስልኩን አወጣ። ጎሚቶው ከድንኳኑ አፍ ፊት ለፊት ነው። ከውስጥ ሰው ሁሉ ያየው ነበር፤ አንድም የተነሳ የለም።

"አሁንስ?" አለ።

"ከጦሳ ተራራ ጉም ወርዷል" አለ በስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ። "ሁሉም ረጥቧል። ከአንድ ቁጥር ወዲህ አይታይም። ጠራጊ ፈልግ።"

አቤኔዘር ቀና ብሎ መንገዱን አየ። ሽቅብ ያለው ሽቦ በጉሙ ውስጥ ጠፍቷል። በደጁ የቆመ ሰው የለም። ጠራጊዎቹ በሙሉ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስልኩን ዘጋው።

ሐሴት ተነስታ እስከ ድንኳኑ በር መጣች። ጨርቆቹን ከእጁ ተቀበለችውና ለሽማግሌዎቹ አቀበለች፤ እነሱም እየተቀባበሉ ለየባለቤቱ አደረሱት።

"ግባ" አለችው። "በርዶሃል።"

ጎንበስ ብሎ ገባ። እንዲቀመጥ ጠጋ ጠጋ አሉለት። እርጥብ ጉልበቱን ይዞ ሲቀመጥ ዙሪያውን አየ፤ ከናፍሩ ይንቀሳቀሱ ነበር፣ የሥራ ልማድ ሆኖበት።

"እኔ ስንተኛ ነኝ፣ እትዬ?" አለ በሹክሹክታ።

"አልቆጠርንም" አለች ሐሴት።